በቃላት መካከል የቆመው የእኩልነት ምልክት

ጀርመንኛ ለመማር የተነሣ ወጣት ሁሉ በቅድሚያ የሚጨብጣት ያችን ዝርዝር ናት፤ በግራ የጀርመንኛው ቃል፣ በቀኝ የአማርኛው ፍቺ፣ በመካከላቸው ሁለት አግዳሚ ጭረት። ትናንት በፎቶ ኮፒ ትዞር ነበር፤ ዛሬ በስልክ ሰሃላ ድረስ ትመጣለች። ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና በሒሳብ መዝገብ ላይ የእኩልነት ምልክትን አከብራታለሁ። በሁለት ቋንቋዎች መካከል ስትቆም ግን ትዋሻለች።

«አይንኔመን» የሚለውን ግሥ እንመልከት። ዝርዝሯ «ወሰደ» ትለዋለች፤ ለመድኃኒት ልክ ነው። ነገር ግን ጀርመኖች መንግሥት ግብር ሲሰበስብም፣ ጦር ከተማ ሲይዝም፣ ቁም ሣጥን የክፍሉን እኩሌታ ሲይዝም በዚሁ ግሥ ይናገራሉ። «ወሰደ» ብሎ የሸመደደ ነርስ ታማሚውን ይረዳ ይሆናል፤ በማግስቱ ጋዜጣ ሲገልጥ ግን ጦሩ ከተማይቱን እንደ ክኒን ዋጣት ብሎ ያነባል።

«አውፍሄበን» ይብሳል። ከመሬት ማንሣትም፣ ለነገ ማስቀመጥም፣ ሕግን መሻርም እርሱ ነው። ሄግል አንድ ቃል መሻርንና ማቆየትን አንድ ላይ በመያዙ ተደስቶ የፍልስፍናው ምሰሶ አድርጎታል። የእኛው «አነሣ» እኩል መንገድ አብሮት ይሄዳል፤ ድንጋይም እገዳም እናነሣለንና። ማስቀመጥ ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ፤ አማርኛው በፈንታው ጥያቄና ፎቶግራፍ ያነሣል።

ታዲያ «ቃሉ ሁሉ ዐሥር ፍቺ አለው፤ ይህን ቋንቋ ማን ይችለዋል!» የሚለው እሮሮ ምንድን ነው? ይህን የሚል ሰው ቲኬት ሲቆርጥ፣ ለሠርጉ ቀን ሲቆርጥ፣ ደመወዙ ሲቆረጥ፣ ተስፋ ሲቆርጥ፣ በመጨረሻም ቆርጦ ሲነሣ አንድም ጊዜ ግራ ተጋብቶ አያውቅም። ሰምና ወርቅ እየሰማ ያደገ ሰው የሰውን አገር ቃል አንድ ፍቺ ብቻ ይኑርህ ብሎ ማሰሩ ያሳፍራል።

በሙያዬ ስለሚነካኝ አንድ ነገር ልጨምር። ጀርመንኛው «ባንክ» ገንዘብ ቤትም አግዳሚ ወንበርም ነው፤ በብዙ ቁጥር ግን ገንዘብ ቤቶቹ «ባንከን»፣ ወንበሮቹ «ቤንከ» ይባላሉ። ይህ ያስቃል። «ሹልት» ግን አያስቅም፤ ጥፋትም ነው፣ ዕዳም ነው፤ የገንዘቡ ዕዳ ብዙውን ጊዜ በብዙ ቁጥር «ሹልደን» ይባላል እንጂ ሥሩ አንድ ነው። ዝናብ ከድቶት ብድሩ ያደረበት ገበሬ ከመስኮቴ ማዶ አንገቱን ደፍቶ ሲቆም፣ አማርኛችን ዕዳን ከጥፋት መለየቱን አመሰግናለሁ፤ የደም ዕዳ የምንል መሆናችንን ባልረሳም። «ሹልት = ዕዳ» የምትለዋ ዝርዝር ይህን ሁሉ ትሰውራለች።

«ግጥም ለሚወድ ይህ ጥሩ ነው፤ እኛ ግን ፈተና ደርሶብናል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። ጀርመን ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትዳር ጓደኛውን ተከትሎ ከሚሄድ ሰው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የጀማሪ ደረጃ ማስረጃ ትጠይቃለች፤ ጎተ ኢንስቲትዩት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከሰሃላ ደግሞ አዲስ አበባ ሩቅ ነው። ስለዚህ ዝርዝሯን የያዘውን ልጅ አልወቅስም። የምወቅሰው አራት መቶ ቃል በጭረት አስሮ «ቋንቋ ነው» ብሎ የሚሸጥለትን ነው። ሃምሳ ግሥ ከነዓረፍተ ነገሩ ቢሸጥለት ምን ነበረበት? ፈታኙም ቢሆን የሚጠይቀው በዓረፍተ ነገር ነው።

ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ አማርኛን ያጠናው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተቀምጦ ነው። በ1649 ሮም ተገናኙ፤ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄዱለት፤ የአማርኛው መዝገበ ቃላት የታተመው ግን በ1698 ነው። ከሚያውቀው ሰው አፍ ጠይቆ፣ አጣርቶ፣ ዕድሜውን ከፍሎበት።

ለእኛ ለዋግ ሰዎች ደግሞ ሌላ ምክንያት አለን። በ1884 ሊዮ ራይኒሽ የተባለ ኦስትርያዊ ሊቅ ስለ ኽምጣንጋ ያጠናውን ቪየና ላይ አሳትሟል፤ የጻፈውም በጀርመንኛ ነው። ያንን ሥራ የሚገልጥ የሰቆጣ ወይም የሰሃላ ልጅ ዝርዝሯን ብቻ ይዞ ከቀረበ፣ የአያቱ ቃል በፊቱ ተጽፎለት ሳለ ፍቺው ያመልጠዋል።