ድመቷን ልቀቋት!

በየግሩፑ የሚዘዋወሩትን የቤት እንስሳት ፎቶዎች ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ልጁ የድመቷን አንገት ፈጥርቆ ይዟል፤ እግሮቿ ተንጠልጥለዋል፤ ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተጣብቀዋል። ከሥሩ «ስታምር!» ተብሎ ይጻፋል። ፈርታለች እንጂ አላማረችም። የተጣበቀ ጆሮ ምን ማለት እንደሆነ አይጥ እንኳ ያውቃል።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ አልረጋ አለችኝ» የሚል መልስ ይመጣል። ሰበብ ነው። ችግሩ ጨለማው ነው። እዚህ መካነ ሰላምና በዙሪያው ባለው ደጋ ብርዱን ፈርተን መስኮት እናጠባለን። ስልክ ደግሞ ጨለማ ሲገጥመው በቂ ብርሃን እስኪሰበስብ ይዘገያል፤ በዚያች ቅጽበት ጭራ ከተወዛወዘ ፎቶው ጭጋግ ይሆናል። ፍላሽ ማብራትም አያዋጣም፤ ከድመትና ከውሻ ዓይን ጀርባ ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለ የምታገኙት የጅብ ዓይን ነው። ከዚህ ሁሉ በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ወደ ጎን ብላችሁ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ስልኩን በቁመቷ ልክ ያዙና ጠብቁ። በልታ ስትጨርስ ፊቷን ልትጠርግ እዚያው በሩ ሥር ቁጭ ትላለች። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ውሻው ላይማ ግፍ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የዋለ ውሻ ለፎቶ ሲፈታ ካልቦረቀ መቼ ሊቦርቅ ነው? «እርጋ!» ብሎ በዱላ መምታት ምን የሚሉት ነው? ደግሞም በጉልበት የተያዘ እንስሳ ይነክሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ልጅን ለላይክ ማስነከስ ቀልድ አይደለም። የተነከሰ ካለ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ጣጣው ግን ከቤት ይወጣል። «ቤት ካልረጋ ፓርኩ ሜዳ ላይ ወስዳችሁ አንሡት» ብሎ የሚመክር አይቻለሁ። ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ እኮ የቀይ ቀበሮ ቤት ነው! በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከኢትዮጵያ ውጭም አንድም የለም። በፈረንጆቹ 2003 ባሌ ተራሮች ላይ ከውሾች የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ከዌብ ሸለቆ ቀበሮዎች ከግማሽ በላዩን ጨርሷል። የኛ ከባሌው በጣም ያነሰ ነው፤ አንድ እንዲህ ያለ ዓመት ይችላል?

«የእረኛውስ ውሻ?» ትሉኝ ይሆናል። የእረኛው ውሻ ሥራ ላይ ነው፤ እሱንም ማስከተብ ይገባል። የእናንተው ግን ለፕሮፋይል ፎቶ ነው የሚሄደው።

ቀይ ቀበሮ ማንሳት ካማራችሁ ውሻችሁን ቤት ትታችሁ በማለዳ ውጡ። አይጥ ሲያድን ከሩቅ ታዩታላችሁ። አትቅረቡት፣ አታባርሩት። በፎቶው ላይ ቀይ ነጥብ ሆኖ ቢወጣ፣ ነጥብ ይሁን።