የወንዙን ወለል አትለስኑት

ተማሪዎቼን ከእንጦጦ ወደሚወርድ ጅረት የምወስዳቸው በጥቅምት፣ ውሃው ሲጠራ ነው። ዕቃችን የሻይ ማጥለያ፣ ነጭ ሳህንና ማንኪያ ነው። ድንጋይ አንስተን ሥሩን ሳህኑ ላይ እናጥባለን። ባለፈው ዓመት አንዷ ልጅ ሳህኑ ውስጥ የሚርመሰመሰውን አይታ «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ምን በልቶ ይኖራል?» አለችኝ።

ተማሪዎቼ «ሦስት ጭራ» የሚሏት የሜይፍላይ እጭ የድንጋዩን አረንጓዴ ልባስ ትፍቃለች። ሸርጣን የወደቀ ቅጠል ይቆራርጣል፤ ቅጠሉን ግን አስቀድመው ሻጋታና ባክቴሪያ ያለሰልሱታል። ቅጠሉ ደረቅ እንጀራ ቢሆን ወጡ ሻጋታው ነው። ፍርፋሪው በውሃው ሲወርድ ታች የምትጠብቀው አለች፦ የካዲስፍላይ እጭ ከአፏ በምታወጣው ሐር በድንጋይ መካከል ወንፊት ትዘረጋለች። የወንፊቱ ቀዳዳ እንደ ዝርያዋና እንደ ዕድሜዋ ስለሚለያይ አንዷን ያመለጠው ለሌላዋ ይደርሳል። የጥቁር ዝንብ እጭ ደግሞ ጭራዋን ድንጋይ ላይ ተክላ፣ ራሷ ላይ ባሉት ማራገቢያዎች ደቃቁን ትለቅማለች።

መጽሐፍ ላይ እንደሚሳለው የጠራ ድርሻ ግን የላቸውም። ሆዳቸው ሲታይ አብዛኞቹ ያገኙትን ብናኝ ሁሉ በልተው ይገኛሉ። እኔም ለፈተና ስል በሠንጠረዥ ከፋፍዬ አስተምራለሁ፤ ጅረቱ ዳር ስቆም ሠንጠረዡ ያሳፍረኛል።

ወደ ነገሬ ልምጣ። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን የአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ ልማት አልቃወምም። የሚያሳስበኝ ግንበኛው ነው። በቅርቡ አንድ ስፍራ ወለሉ ሳይቀር በስሚንቶ ተለስኖ፣ ዳርና ዳሩ ሣር ለብሶ አየሁ። የሚፋቅ ድንጋይ፣ የሚቆራረጥ ቅጠል፣ ወንፊት የሚታሰርበት ስንጥቅ አልነበረም። ፍሳሹ ደለል በሠራበት ጥግ ብቻ ቀይዋ የትንኝ እጭ ትርመሰመሳለች፤ ደሟ ኦክስጅን አጥብቆ ስለሚይዝ ሌላው ታፍኖ በሚሞትበት ትኖራለች።

ዳሩን ባሕር ዛፍ ማልበስም አያዋጣም። ዘይት ያለበትን ጠንካራ ቅጠሉን ሻጋታው ቶሎ አይደፍረውም፤ ሸርጣኑ ጦሙን ይውላል።

እናንተ ሥራው በእጃችሁ ያለ፣ ግድግዳውን ገንቡ፤ ወለሉን ግን ለድንጋዩ ተዉት። ከሣሩ ላይ ጥቂት ቀንሳችሁ ዋንዛ ትከሉ፤ ቅጠሉ ውሃው ውስጥ ሲወድቅም ጠርጋችሁ አታውጡት። በሚቀጥለው ጥቅምት ሳህኔን ይዤ እመጣለሁ።