«አጥፍተው ያብሩት» መልስ አይደለም!

አሜሪካ ውስጥ የኬብል ኢንተርኔት ያስገባ ሰው «ዳውንሎድ ተጎተተብኝ» ብሎ ሲደውል የሚጠብቁት ሁለት መልሶች ናቸው። «ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት» እና «ከፍ ያለውን ፓኬጅ ይግዙ»። የመጀመሪያው አንዳንዴ ይሠራል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ኪስን እንጂ መስመሩን አይነካም። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው አዛውንቶችማ «እሺ» ብለው በየወሩ ጨምረው ይከፍላሉ።

የኬብል መስመር የጋራ ነው። የሰፈሩ ቤቶች አንዱን አቅም ይካፈላሉ። ጠዋት የሚሮጠው መስመር ማታ ሁሉም ፊልም ሲከፍት ከተኛ፣ ትልቁን ፓኬጅ የገዛውም እዚያው ወረፋ ውስጥ ነው። ይህን ማስተካከል የኩባንያው ሥራ ነው!

እርግጥ ኩባንያው ባላጠፋውም ይወቀሳል። 400 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 50 ሜጋባይት ነው፤ 50 አይቶ «ተዘረፍኩ» ማለት አያዋጣም። ዋይፋይም ግድግዳ ይፈራል። ስለዚህ ደንበኛው ዋይፋዩን ትቶ ኮምፒውተሩን በኔትወርክ ገመድ ከሞደሙ ጋር ያገናኝ፣ ጠዋትም ማታም ይለካ፣ ስክሪንሹት ይያዝ። በገመድ ከፈጠነ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው። ቁጥሩ 95 አካባቢ ተቸክሎ ከቀረ ገመዱን ይቀይር። ቀን ከሌት ዝቅ ካለ ደግሞ የላላ ማያያዣ ወይም ያረጀ ስፕሊተር ሊሆን ይችላል፤ ቴክኒሺያን ይጥራ።

የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ ኩባንያዎች «እስከ» ከምትለዋ ቃል አልፈው የእያንዳንዱን ፓኬጅ የተለመደ ፍጥነት በጽሑፍ እንዲያሳዩ ታዘዋል። ደንበኛው የለካውን ከዚያ ጋር ያስተያይ። ካነሰ፣ ሂሳቡ እንዲቀነስለት ይጠይቅ፤ እምቢ ካሉትም አቤቱታውን ለዚያው ኮሚሽን ያስገባ።