ገንዘብ መሰብሰብም ሥራ ነው

ከሚሴ ላይ የራሱን የብየዳ ቤት የከፈተ ወጣት የበር ዋጋ ሲጠየቅ የሚያሰላው የታወቀ ነው። ላሜራውን፣ ቱቦላሬውን፣ ኤሌክትሮዱን፣ መብራቱን፣ በመጨረሻም ጉልበቱን ይደምራል። ብረቱ ከኮምቦልቻ የሚመጣ ከሆነ ማጓጓዣም ያክላል። በሩ ተገጥሞ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ቁልፉን ባለቤቱ ከተረከበ በኋላ ግን ማንም ያልተዋዋለበት ሌላ ሥራ ይጀምራል። ገንዘቡን መሰብሰብ። ለዚህ ሥራ ባጃጅ ይከፈላል፣ የስልክ ካርድ ያልቃል፣ ግማሽ ቀን ሱቁ ተዘግቶ ይውላል፣ በመሃል የመጣ ደንበኛም ተዘግቶ ሲያገኘው ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። በዋጋው ውስጥ ግን አንድም ሳንቲም አልተያዘለትም።

ብዙዎቹ አዲስ ሠራተኞች የሚያማርሩት ባንኩ በሚቆርጠው ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በከተማችን ገንዘብ በስልክ መቀበል የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል፤ ባንኮችም በየስልኩ ገብተዋል። ለማስተላለፉና ለማውጣቱ ይቆረጣል፣ በአገልግሎት ክፍያው ላይም 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከልበታል። ይህ ወጪ ነው፣ መታሰብም አለበት። ነገር ግን የበሩ ዋጋ 20 ሺህ ብር ነው እንበል። ባንኩ የሚወስደው ለገንዘቡ ሲባል ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ከሚጠፋው የሥራ ሰዓት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ወጣቶቻችን በትንሹ እየተናደዱ ትልቁን ሳያዩት ያልፋሉ።

ትልቁ ያለው የሳዑዲ ቤቶች ላይ ነው። በከሚሴና በዙሪያዋ ገጠሮች ከሚሠራው ቤት ብዙው ጅዳና ሪያድ ባሉ ልጆች ላብ የሚቆም ነው። በሩን በስልክ የሚያዘው ልጅ እዚያ ነው፣ በሩን የምትረከበው እናት እዚህ ናት። ሠራተኛው ገንዘቡን ሊጠይቅ ሲሄድ እናት ትቀበለዋለች። ቡና ይቀርብለታል፣ ዱዓ ይደረግለታል፣ «አብሽር ልጄ፣ ይልካል ብሏል» ይባላል። እሷ ያልያዘችውን ገንዘብ እንዴት ይጠይቃት? ልጁ ደግሞ ለእናቱ ልኬ ጨርሻለሁ ብሎ ያስባል፤ እናት በበኩሏ ከተላከው ላይ የሲሚንቶ ዕዳ ከፍላለች። ማንም አልዋሸም፣ ማንም ክፉ አላሰበም። በያጁ ግን ቡናውን ጠጥቶ፣ መርቀውት፣ ባዶ እጁን ይወጣል።

የዚህ መዘዝ እሱ ጋ አይቆምም። ያ ገንዘብ ሳይገባ ሌላ ደንበኛ ይመጣና ቀብድ ይሰጠዋል። በቀብዱ ለአዲሱ ሥራ ብረት መግዛት ሲገባው ለቀድሞው በር በዱቤ የወሰደውን ላሜራ ይከፍልበታል። የአዲሱ ደንበኛ መስኮት ይዘገያል፣ ስልክ ሲደወል አይነሳም፣ «ቀብድ በልቶ ጠፋ» የሚባል ስም ይወጣለታል። በሙያው የታወቀ፣ እጁ የማይታማ ልጅ በዚህ መንገድ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። ሰነፍ ወይም አታላይ ስለሆነ አልነበረም። ያለፈውን ሰው ዕዳ በሚቀጥለው ሰው ገንዘብ መሸፈን ከጀመረ ማቆሚያ የለውም።

ሕጉ ለዚህ ያስቀመጠው አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዕዳውን ያዘገየ ሰው በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ እንዲታሰብበት ይፈቅዳል። በእኛ አካባቢ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው፤ ለዘገየ ገንዘብ ጭማሪ መቀበል በሃይማኖቱ የተከለከለ ወለድ ነው ብሎ የሚያምን ሠራተኛ ቢሞት አይነካውም፣ ደግም ያደርጋል። እንግዲህ የመዘግየቱን ወጪ በኋላ ማስከፈል የማይችል ሰው በፊት ማሰብ አለበት። ሌላ መውጫ የለውም። ዋጋውን ሲቆርጥ የመመላለሻውንና የባንኩን ይዞ ይቁረጥ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊትም ቢያንስ የብረቱን ዋጋ ቀብድ ይቀበል። በሸሪዓውም ቢሆን ኢስቲስናዕ በሚባለው የማሠሪያ ውል ዋጋውን አስቀድሞ ወይም ከፋፍሎ መክፈል የተፈቀደ ነው።

ቀብድ መጠየቅ ያሳፍራል ይሉኛል። ትልቅ ሰው «አታምነኝም ወይ?» ካለ ምን ይመለሳል? እኔ «ሐጂ፣ አንቱን አምኜ ነው፣ ብረት ሻጩ ግን እኔን አያምነኝም» ማለት ነውር አይመስለኝም። ደግሞም ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። ስለዚህ ቀብድ አሠሪውንም ይጠብቃል።

መጻፍም አለ። ላቡ ሳይደርቅ ዋጋውን ክፈሉት የሚለውን ሐዲስ የማያውቅ የለም፤ ሠራተኛው ሲከፋው የሚያነሳው እሱን ነው። በቁርአን ረጅሙ አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ስለ ምን እንደሚናገር ግን ጥቂቱ ነው የሚያነሳው። የጊዜ ዕዳን በጽሑፍ ስለማስፈር፣ ስለ ጸሐፊና ስለ ምስክር ነው። ዕዳ መጻፍ አለመተማመን ነው የሚል ሰው ይህን ያስብ። አንድ ገጽ የደብተር ወረቀት ይበቃል፦ የበሩ ልክ፣ ዋጋው፣ የተሰጠው ቀብድ፣ ቀሪው የሚከፈልበት ቀን። ቀኑም «ገበያ ሲወጣ» መሆን የለበትም። ደንበኛው ገበሬ ሆኖ ከብቱን ባቲ ወስዶ የሚሸጥ ከሆነ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ይከፈላል ተብሎ ይጻፍ።

ደንበኛ «ልኬያለሁ» ብሎ ስልኩን ሲያሳይም የሚታየው የእሱ ስልክ መሆን የለበትም። የተጭበረበረ መልእክት የሚያሳይ ሰው አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙዎች ሒሳባቸውን ማየት የማይችሉ ይመስላቸው ነበር፤ ቴሌብርን ግን በ*127# ያለ ኢንተርኔት ማየት ይቻላል። ጓንቱን አውልቆ፣ እጁን ጠርጎ፣ የራሱን ሒሳብ አይቶ ቁልፉን ያስረክብ። ሐቀኛ ደንበኛ በዚህ አይቀየምም።

ሳዑዲ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች የምጠይቀው አለ። በር ስታዙ ዋጋውን ከሠራተኛው ጋር ራሳችሁ ተነጋገሩ፣ ቀብዱን በቀጥታ ወደ እሱ ሒሳብ ላኩ፣ ቀሪውን የተገጠመውን በር ፎቶ አይታችሁ በዚያው ሳምንት ጨርሱ። ለእናት የምትልኩት ለእናት ይሁን።