የትንሣኤ ዋዜማ ምድጃ

የትንሣኤ ዋዜማ በመጣ ቁጥር በየቤታችን ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ፣ ወጡ በምን ይሠራ የሚለው ነው። የዶሮው ቁሌት ሰዓታትን የሚፈልግ በመሆኑ፣ መካከል ላይ መብራት ቢጠፋ የምንሸሸው ወደ ከሰል ነው። አደጋውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቤተሰቡ ለሌሊቱ ቅዳሴ ሲወጣ፣ አረጋውያንና ሕፃናት በተዘጋ ቤት ውስጥ ከፍሙ ጋር ይቀራሉ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው፣ የተኛውን ሰው ሳያነቃ ይገድላል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁን እንጂ ኃይል ማመንጨትና በየሰፈሩ ማዳረስ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በዋዜማ ምጣዱም ምድጃውም በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይጨነቃል።

ኢንዳክሽን የተባለው ምድጃ ሙቀቱን በራሱ በድስቱ ላይ ስለሚፈጥር ኃይል ይቆጥባል። ነገር ግን ሸክላውንም ሆነ ተራውን የአሉሚኒየም ድስት አያሞቅም፤ ማግኔት የሚይዘው ድስት ይሻል። እናቶቻችን ለእርሱ ሲሉ ሸክላቸውን ይተዋሉ ብለን አንገምትም።

በእኛ አስተያየት የዘወትሩ ሥራ በኤሌክትሪክ ሆኖ፣ ለመጠባበቂያ አቅም የፈቀደለት ቤት ከከሰል ይልቅ ቡታ ጋዝ ቢያኖር ይሻላል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል። ሽታው ከተሰማ ሲሊንደሩን መዝጋት፣ በርና መስኮት መክፈት እንጂ ክብሪት መጫር ወይም የመብራት ማብሪያ መንካት አይገባም። ከሰል የግድ ከሆነም ማንደጃው ከደጅ ይሁን፤ ወደ ቅዳሴ ሲኬድም ፍሙ በውኃ ይጥፋ።