ለሙዚቀኛው ጊዜ ይሰጠው

ባለፈው ወር ማኅበራችን ወደ ዘንገና ባዘጋጀው ጉዞ ላይ የነበራችሁ አንባብያን አንድ ነገር ሳታስታውሱ አትቀሩም። ከእንጅባራ ከተማ ወጣ ብሎ፥ ወደ ባሕር ዳር ከሚወስደው አውራ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ፥ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ያ ክብ ሐይቅ በዛፍ ተከቦ ይታያል። የሙዚቃ ቡድናችን መሪ፥ ዕድሜያቸው ከብዙዎቹ መምህሮቻችን የሚበልጠው፥ አውቶቡሱ እንደ ቆመ የኖታ ወረቀታቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ውሃው ዳር ወረዱ። ለዋሽንትና ለመዘምራን የጀመሩት፥ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጨረሱት ድርሰት እንዳላቸው ብዙዎቻችን እናውቃለን። ሩብ ሰዓት ያህል እንኳ ሳይቀመጡ ከመካከላችን ሁለት ልጆች ተልከው፥ «ጋሼ፥ ሰዉ እየጠበቀ ነው» ብለው አመጧቸው። መጡ፤ ቡድኑን መሩ፤ እኛም ወገባችን እስኪዝል ጨፈርን። ከተላኩት ከሁለቱ አንዱ የዚህ ርእሰ አንቀጽ ጸሐፊ ነበር።

ነገሩ በእኛ ግቢ ብቻ የተጀመረ አይደለም። አንጋፋው የሙዚቃ ደራሲና የባንድ መሪ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 በጅማ ተወልደው፥ በእንግሊዝ አገር ኋላም በአሜሪካ በበርክሊ ተምረው፥ የአገራችንን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር እንዴት እንዳዛመዱ ለአንባቢ መዘርዘር ማሰልቸት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው ፊልም ዜማዎቻቸውን በዓለም ሲኒማ ቤቶች ካሰማ ወዲህ ግን ጥሪው በዛ። ሰው በስድሳ ዓመቱ ጡረታ በሚያስብበት ጊዜ እሳቸው ቫይብራፎናቸውን ይዘው ከአህጉር ወደ አህጉር መዞር ያዙ።

በዚህ ሁሉ መካከል እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የራድክሊፍ ተቋም አንድ ዓመት ተሰጣቸው። ይህ ተቋም ሊቃውንትንና የጥበብ ሰዎችን ጠርቶ፥ ለየራሳቸው ሥራ ጊዜ በመስጠት የታወቀ ነው። ጋሽ ሙላቱ በዚያ ዓመት የአገር ቤት የሙዚቃ መሣሪያዎችን ስለ ማዘመን ሠሩ፤ ስለ ቅዱስ ያሬድ ከሚደርሱት ኦፔራም አንዱን ክፍል ለሕዝብ አሰሙ። ግዕዝን፥ ዕዝልንና አራራይን ለሰጠን ሰው ኦፔራ መድረስ ቀላል አሳብ አይደለም። ካህናቱ በማኅሌት የሚይዙትን መቋሚያ እንደ ኦርኬስትራ መሪ በትር አድርጎ ማየትም ከሚወዷቸው አሳቦች አንዱ ነው። (በዚህ አሳብ የማይስማማ የዜማ መምህር ካለ ዓምዳችን ክፍት ነው።) ይሁን እንጂ ሙሉውን ኦፔራ በመድረክ ለማየት እኛ እስከ ዛሬ አልታደልንም። እ.ኤ.አ. በ2025 ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆነው የስንብት ኮንሰርቶቻቸውን ሲያቀርቡ፥ በዚያው ዓመት የወጣው አልበማቸው የቀደሙት ድርሰቶቻቸውን በአዲስ አቀነባበር የያዘ ነበር። አልበሙን አንነቅፍም፤ ደግመን ደግመን ሰምተነዋል። የምንነቅፈው እኛን ሰሚዎቹን ነው፤ «የከርሞ ሰው» ይጫወቱልን እያልን ሃያ ዓመት ስንጠይቅ ኦፔራው የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን ስንት ነው?

አሸናፊ ከበደንም ማንሳት ይገባል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር እሳቸው ነበሩ። «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተባለውን ድርሰታቸውን የሃንጋሪ ኦርኬስትራ ተጫውቶታል። ትምህርት ቤት ማቋቋም፥ ማስተማርና መድረስ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲጫኑ ከሦስቱ የሚዘገየው የትኛው እንደሆነ፥ አንድ ቀን እንኳ በቢሮ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለቢሮው ሥራ ቀን ይቆረጥለታል፥ ለድርሰቱ ግን ማንም ቀን አይቆርጥለትም።

በሌላው ዓለም የዚህ ችግር መፍትሔ አንዳንድ ጊዜ አንዲት ትንሽ ጎጆ ሆናለች። ጉስታቭ ማለር ከ1897 እስከ 1907 የቪየና ኦፔራ ዳይሬክተር ሳለ ክረምት ከበጋ በልምምድና በትርኢት ይዋከብ ነበር። ኦፔራው ለዕረፍት ሲዘጋ ግን ማይርኒግ በተባለ ስፍራ፥ ከሐይቅ በላይ በጫካ ውስጥ ባሠራት ጎጆ ይገባ ነበር፤ ስምንተኛውን ሲምፎኒ በ1906 የጻፈው እዚያ ነው። እንዲህም ተጠንቅቆ በ1911 ሲሞት አሥረኛው ሳይፈጸም ቀርቶአል። ዘንገና ላይ ያየነው ሐይቅና ጫካ ከማለር የሚያንስ አይመስለንም። ያነሰው ሰው ሳይጠራው የሚውልበት ቀን ነው።

በእርግጥ የሚቃወመን አይጠፋም። ዱክ ኤሊንግተን ዕድሜውን በጉዞ አሳለፈ፤ በባቡርና በሆቴል ሆኖ ሲጽፍ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ ጋር በተገናኘ ጊዜ እንኳ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት በጉዞ ላይ ነበር። መድረክ ያሳድጋል እንጂ መች ያደርቃል? ይህ ክርክር እውነት አለው፤ ሙዚቃ በወረቀት ብቻ አይበስልም። ነገር ግን ኤሊንግተን የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው፤ ሌሊት የጻፈውን በማግሥቱ ያስነፋ ነበር። የእኛ ጋሼ የጻፉትን ለማስጠናት ቡድኑን ሲሰበስቡ፥ «እሱ ይቆይና ለዓርቡ አቀባበል የምናውቃቸውን አራቱን እንለማመድ» የሚል መልእክት ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይመጣል።

የማኅበሩ ጉባኤ በሚመጣው ሳምንት የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት መርሐ ግብር ያጸድቃል። በረቂቁ ላይ የሙዚቃ ቡድኑ ስም አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፎአል። ለእንግዳ አቀባበል፥ ለስፖርት ቀን፥ ለስብሰባ መክፈቻ፥ እንዲያውም ለአንድ ክፍል ምረቃ፤ ዋሽንት ካልተነፋ መቀሱ ሪባኑን የማይቆርጥ ይመስል! ከአሥራ አንዱ ስድስቱ ይሰረዙ እንላለን። መጋቢት በሙሉ ለቡድኑ መሪ ይተው። በግንቦትም አንድ ምሽት ይመደብ፤ በዚያ ምሽት አዲሱ ድርሰት፥ ቢጠናቀቅም ባይጠናቀቅም፥ እስከ ደረሰበት ይሰማ፤ የለመድናቸው አራቱ ዘፈኖች ግን በዚያ ቀን አይጠየቁ።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። እኚህ ሰው የሚከፈላቸው አበል በየትርኢቱ ነው። ስድስት ትርኢት ሰርዘን «ጊዜ ሰጠንዎት» ብንላቸው የሰጠናቸው ረኀብ ነው። ስለዚህ የተሰረዙት የስድስቱ አበል እንደ ተከፈለ ይቆጠር፤ ገንዘቡም ለየስብሰባው ከሚወጣው የሻይና የብስኩት ወጪ ይቀነስ። ገንዘብ ያዣችን ሲሰሙ ፊታቸው እንደሚጠቁር እናውቃለን፤ ሒሳቡን ግን አብረናቸው ተቀምጠን ለመሥራት ዝግጁ ነን። የጉባኤ አባላት ሁሉ ረቂቁን ከማክሰኞ በፊት ከጽሕፈት ቤቱ ወስደው ያንብቡ። በመጋቢትም ጋሼ ወደ ዘንገና ወይም ወደ ሌላ ስፍራ ቢሄዱ፥ ሊጠራቸው የሚላክ ልጅ አይኑር።