የዋዛ ዜማ በቤት ሣጥን ውስጥ

በአሶሳና በአካባቢዋ የሚኖረው የበርታ ሕዝብ ከቅል የሚሠራ ዋዛ የተባለ የትንፋሽ መሣሪያ አለው። አንዱ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ በመሆኑ ዜማው የሚሞላው ነፊዎቹ ተራ በተራ ሲቀባበሉ ነው። ይህን ቅብብል በሞባይል ቀድተን በብሉቱዝ እንላላካለን። ሆኖም ስልኩ ሲጠፋ ቅጂውም አብሮ ይጠፋል፤ በኤምፒ3 ደጋግመን ባመቅነው ቁጥርም ከድምፁ የሚጎድለው ተመልሶ አይገኝም።

በእኔ እምነት መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበውን ራስበሪ ፓይ የመሰለ ትንሽ ኮምፒዩተር፣ አንድ ሃርድ ዲስክና «ሚውዚክ ፕሌየር ዴሞን» የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃሉ። ሣጥኑ ከድምፅ ማጉያው ጋር ይያያዛል፤ ስልኩ የሪሞት ሥራ ብቻ ይሠራል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም የቤቱ ዋይፋይ እስካለ ድረስ ሙዚቃው አይቆምም። (መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉም ዝም ይላል፤ ከራሱ ከዋዛው በቀር!)

በሲዲ ጥራት የአንድ ደቂቃ ድምፅ 10 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ስለዚህ 1 ቴራባይት ዲስክ ባይታመቅ እንኳ ከ1,500 ሰዓት በላይ ይችላል፤ ፍላክ በተባለው አሠራር ደግሞ ከድምፁ ምንም ሳይጎድል ከዚያ እጅግ የበለጠ።

ለዕረፍት ወደ አሶሳ የምትመለስ ተማሪ ሆይ፣ ስትቀዳ የነፊዎቹን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፍ። ሣጥኑ ፈልጎ የሚያገኘው በፋይሉ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው።